አካዳሚያዊ ድርሰት

አካዳሚያዊ ድርሰት ማለት በትምህርትና በምርምር ተቋማት ውስጥ ለአንድ የተወሰነ ጥያቄ በማስረጃ የተደገፈ መልስ ለመስጠት የሚጻፍ ስድ ንባብ ነው። ጸሐፊው አንድ ሐሳብ ይዞ ይነሣል፤ ሐሳቡ ለምን ተቀባይነት ሊኖረው እንደሚገባ ያስረዳል፤ ማስረጃውን ከየት እንዳገኘ ይናገራል፤ ሌላ ሰው ሊያነሣበት የሚችለውንም ተቃውሞ ይመልሳል። ርዝመቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ገጽ የክፍል ሥራ ጀምሮ እስከ መመረቂያ ጽሑፍ ሊደርስ ይችላል። ድርሰቱን አካዳሚያዊ የሚያደርገው ግን ርዝመቱ ወይም የቃላቱ ክብደት አይደለም። አንባቢው የጸሐፊውን መንገድ ከመነሻው እስከ መድረሻው ተከትሎ «ልክ ነው» ወይም «እዚህ ላይ ስተሃል» ለማለት የሚያስችለው መሆኑ ነው።

ስያሜ

በአማርኛ «ድርሰት» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸከማል። ልብ ወለድ ድርሰት ነው፤ ተውኔት ድርሰት ነው፤ የቅዱስ ያሬድ ዜማም ድርሰት ይባላል። «ደራሲ» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው የልብ ወለድ ጸሐፊን ነው። በዚህ የተነሣ አንድ ተማሪ «ድርሰት ጻፍ» ሲባል ቃላት ማሳመር፣ በምሳሌያዊ አነጋገር መጀመርና በምክር መጨረስ የሚጠበቅበት ይመስለዋል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የመጀመሪያ ጽሑፉ በቀይ ቀለም ተሞልቶ ሲመለስለት የሚገረመውም ለዚህ ነው፤ የተጠየቀው ሌላ ዓይነት ሥራ ነበርና። ይህን ልዩነት ለማሳየት አንዳንድ ጸሐፊዎች «መጣጥፍ»፣ «የጥናት ጽሑፍ» ወይም «ሐተታ» የሚሉትን ቃላት ይመርጣሉ።

የአማርኛ የትምህርት መጻሕፍት ድርሰትን ብዙውን ጊዜ ተራኪ፣ ስዕላዊ፣ ገላጭና አመዛዛኝ ብለው ይከፍሉታል። አካዳሚያዊ ድርሰት በዋናነት የሚያርፈው በመጨረሻዎቹ ሁለት ላይ፣ በተለይም በአመዛዛኙ ላይ ነው። በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ የሚያገለግለው «ኤሴ» የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ሙከራ» ነው፤ የፈረንሳይኛው ሥር ደግሞ «መመዘን» የሚል ትርጉም ወዳለው የላቲን ቃል ይመለሳል። «አመዛዛኝ» የሚለው የአማርኛ ስያሜ ከዚያ ጋር መገጣጠሙ ያጋጣሚ ቢሆንም ለነገሩ የሚስማማ ነው።

ታሪክ

«ኤሴ» የሚለውን ቃል ለጽሑፍ ዓይነት መጠሪያ ያደረገው ፈረንሳዊው ሚሼል ደ ሞንቴኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1580 ያሳተመው መጽሐፍ ስለ ራሱ፣ ስለ ፍርሃት፣ ስለ ወዳጅነት፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ ወዲያና ወዲህ እያለ የሚያወጋ ነበር። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ቤከን እ.ኤ.አ. በ1597 አሥር አጫጭር ድርሰቶችን በዚሁ ስም አሳተመ። ሁለቱም ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ከሚጠየቀው ጽሑፍ በጣም ይርቃሉ፤ የሞንቴኝ ድርሰት እንደ ክፍል ሥራ ቢቀርብ «ዋና ሐሳቡ የት አለ?» ተብሎ መመለሱ አይቀርም።

የአሁኑ ቅርጽ የመጣው ከሌላ ምንጭ ነው። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ የሚፈተነው በቃል፣ በላቲን፣ ከተቃዋሚ ጋር ፊት ለፊት በመከራከር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1665 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የሳይንስ መጽሔቱን ማሳተም ሲጀምር ማስረጃን ጽፎ ለማያውቁት አንባቢ ማቅረብ የምሁራን የዘወትር ሥራ እየሆነ መጣ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የተስፋፋው ሴሚናር ተማሪው ራሱ ምንጭ መርምሮ ጽፎ በጓደኞቹ ፊት እንዲከላከል አደረገ። ስኮትላንዳዊው አሌክሳንደር ቤይን እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው የአጻጻፍ መማሪያ ውስጥ አንድ አንቀጽ አንድ ሐሳብ ብቻ እንዲይዝና ሐሳቡም መጀመሪያ ላይ እንዲገለጽ የሚያዙ ደንቦችን አስቀመጠ። የአሜሪካው ሃርቫርድም እ.ኤ.አ. ከ1874 ጀምሮ አመልካቾችን በእንግሊዝኛ አጭር ድርሰት መፈተን ጀመረ። ከዚያ በኋላ የተማሪ ድርሰት የዘመናዊ ትምህርት የዘወትር ፈተና ሆነ።

በኢትዮጵያ በቃል መከራከርም ሆነ ጽሑፍ መተርጎም የቆየ ሥርዓት አላቸው። በቀድሞው የፍርድ አደባባይ «በላ ልበልሃ» እየተባለ የሚካሄደው ሙግት ተከራካሪው ነገሩን እንዲያስረዳ፣ ምስክር እንዲቆጥርና ለተቃራኒው ወገን ቃል ወዲያው መልስ እንዲሰጥ ያስገድደው ነበር። ይህ ለአካዳሚያዊ ድርሰት ቅርብ ዘመድ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያለው የአንድምታ ትርጓሜ ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል። መምህሩ አንዱን ጥቅስ «አንድም» እያለ በበርካታ መንገድ ይፈታዋል፤ ትርጓሜዎቹም ጎን ለጎን ተከብረው ይኖራሉ። ድርሰት ጸሐፊም አማራጮችን መዘርዘር አለበት፤ ነገር ግን እዚያ ላይ ማቆም አይፈቀድለትም። የትኛው ይበልጥ እንደሚያስኬድና ለምን እንደሆነ መናገር አለበት።

በአማርኛ የታተመ አመዛዛኝ ጽሑፍ ሲነሣ የገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ሥራዎች ማለፍ አይቻልም። ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ስለ አገር ሀብትና ስለ ንግድ ሐሳብ አቅርቦ በምክንያት ለማስረዳት የሚጥር መጽሐፍ ነው። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ድርሰት መጻፍ የተጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 ከተከፈተ በኋላ ሲሆን ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነበር፤ አሁንም በአብዛኛው እንደዚያው ነው።

ጥያቄውን መረዳት

ብዙ ድርሰት የሚበላሸው ከመጻፉ በፊት ነው። ተማሪው ጥያቄውን ትቶ ርዕሱን ብቻ ያነባል። ለምሳሌ «ለ1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አብዮት ዋናው መንስኤ የመሬት ጥያቄ ነበር ማለት ይቻላልን? ተወያዩበት» የሚል ጥያቄ ቢቀርብ፣ የተለመደው መልስ ስለ አብዮቱ የሚታወቀውን ሁሉ በተርታ ማስፈር ነው፤ የወሎ ረሃብ፣ የነገሌ ወታደሮች አመፅ፣ የነዳጅ ዋጋ መናር፣ የመምህራንና የታክሲ ነጂዎች አድማ፣ የተማሪዎች እንቅስቃሴ። አንዱም ሐሰት አይደለም። ጥያቄው ግን አልተመለሰም። የተጠየቀው «የመሬት ጥያቄ ከሌሎቹ ይበልጣልን?» የሚል የሚዛን ጥያቄ ነው። ረሃቡና አድማው በድርሰቱ ውስጥ ቦታ የሚያገኙት ከመሬት ሥሪቱ ጋር ያላቸው ዝምድና ወይም ተፎካካሪነት እስከታየ ድረስ ብቻ ነው።

የትእዛዝ ግሦቹ እያንዳንዳቸው የተለየ ሥራ ይጠይቃሉ። «ግለጽ» ምን እንደሆነ እንጂ ለምን እንደሆነ አይጠይቅም። «አብራራ» ምክንያትንና አሠራርን ይፈልጋል። «አነጻጽር» ሲባል ስለ አንዱ ሁለት ገጽ፣ ስለ ሌላው ሁለት ገጽ ጽፎ ማስረከብ ማለት አይደለም፤ ሁለቱ በአንድ መስፈርት ጎን ለጎን መቆም አለባቸው። «ገምግም» ፍርድ ይጠይቃል፤ ፍርድ ደግሞ መለኪያው ካልተነገረ አስተያየት ሆኖ ይቀራል። ከሁሉም የሚያሳስተው «ተወያይ» ነው። ቃሉ እዚህም እዚያም እያሉ ማውጋትን ይመስላል፤ በፈተና ቋንቋ ግን «የተለያዩትን ወገኖች አቅርበህ አንተ የት እንደምትቆም ንገረን» ማለት ነው።

የሌሎችን አካዳሚያዊ ጽሑፍ ማንበብም በዚሁ መንገድ ይቀላል። ልምድ ያላቸው አንባቢዎች አንድን መጣጥፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተርታ አይወርዱትም። መግቢያውንና መደምደሚያውን አስቀድመው አይተው ጸሐፊው ለየትኛው ጥያቄ ምን መልስ እንደሰጠ ይለያሉ፤ ከዚያ በኋላ ወደ መካከሉ ተመልሰው መልሱ በምን ላይ እንደቆመ ይፈትሻሉ። የመጣጥፉን ሐሳብ መጽሐፉን ከድኖ በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ያልቻለ አንባቢ ገና አላነበበውም ማለት ይቻላል።

መከራከሪያ ሐሳብ

የድርሰቱ ማዕከል መከራከሪያ ሐሳቡ ነው። ይህም ጸሐፊው ለጥያቄው የሰጠው መልስ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ማለት ነው። ሐሳቡ አንድ አስተዋይ ሰው ሊቃወመው የሚችል መሆን አለበት። ማንም የማይቃወመው ነገር ማስረጃ አያሻውም፤ ማስረጃ ለማያሻው ነገር ደግሞ ድርሰት አይጻፍም።

ለምሳሌ ያህል «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» የተባለውን የግዕዝ የፍልስፍና ጽሑፍ መውሰድ ይቻላል። ጽሑፉ ስለ ራሱ በሚናገረው መሠረት ጸሐፊው በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ፣ በአክሱም አካባቢ የተወለደ ሰው ነው። ለአውሮፓ ምሁራን የደረሰው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሲሆን፣ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ለፈረንሳዊው ተጓዥ ለአንቷን ዳባዲ በላካቸው ቅጂዎች አማካይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ምሁር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ «ጽሑፉን የፈጠረው ራሱ ጁስቶ ነው» ሲሉ ተከራከሩ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር በበኩላቸው የጁስቶን ሌሎች ጽሑፎች ከሐተታው ጋር አነጻጽረው ሥራው የኢትዮጵያዊ ነው የሚለውን ወገን ደገፉ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚጽፍ ተማሪ «ሐተታው በግዕዝ የተጻፈ ነው» ብሎ ቢነሣ እውነት ተናገረ እንጂ የሚከራከርበት ነገር አላቀረበም። «ሐተታው አገራችንን የሚያኮራ ታላቅ ሥራ ነው» ቢል ደግሞ አድናቆቱን ገለጸ እንጂ የሚፈተሽ ነገር አልተናገረም። «የሐተታው ቅጂዎች በአንድ ሰው እጅ ብቻ አልፈው መምጣታቸው ጥርጣሬን ያስነሣል፤ ነገር ግን ብቻውን ጽሑፉን ሐሰተኛ ለማለት አይበቃም» ካለ ግን የሚያስኬድ ሐሳብ ያዘ። ወሰኑ ይታወቃል፤ ተቃዋሚ አለው፤ ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚያስፈልገውም ከራሱ ከዓረፍተ ነገሩ ይነበባል።

ማስረጃና ድልድዩ

ማስረጃ መደርደር ብቻውን ክርክር አይሆንም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ስቲቨን ቱልሚን እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተሙት መጽሐፍ የክርክርን አካላት በዝርዝር ለይተው አሳይተዋል። ከእነዚህ መካከል ለድርሰት ጸሐፊ ይበልጥ የሚጠቅሙት ሦስቱ ናቸው፤ የሚባለው ነገር፣ ለእሱ የቀረበው ማስረጃ፣ እና ማስረጃውን ከሚባለው ነገር ጋር የሚያገናኘው ድልድይ። ድልድዩ ብዙውን ጊዜ አይነገርም። ጸሐፊው ለራሱ ግልጽ ስለሆነለት ይዘለዋል። ድክመቱ የሚደበቀውም እዚያው ላይ ነው።

የሐተታውን ክርክር በዚህ ዓይን ማየት ይቻላል። «የሚታወቁት የቆዩ ቅጂዎች በጁስቶ በኩል የመጡ ናቸው» የሚለው ማስረጃ ነው። «ስለዚህ የጻፈው ጁስቶ ነው» የሚለው መደምደሚያ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ያልተነገረ ድልድይ «አንድ ጽሑፍ በአንድ ሰብሳቢ በኩል ብቻ ከተገኘ ሰብሳቢው ጽፎታል» የሚል ይሆናል። ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ ወጥቶ ሲነበብ ደካማነቱ ወዲያው ይታያል። በዓለም ላይ በአንድ ቅጂ ብቻ ተርፈው የተገኙ፣ ሰብሳቢያቸው ግን ያልጻፋቸው ጥንታዊ ሥራዎች ጥቂት አይደሉም። ኮንቲ ሮሲኒም በዚህ አንድ ማስረጃ ብቻ አልቆሙም፤ ከኢትዮጵያ የተገኘ የምስክርነት ቃልንና የሐሳብ መመሳሰልን ጨምረው አቅርበዋል። ታማኝ ድርሰት ተቃዋሚውን የሚመልሰው በዚህ ሙሉ ክርክሩ ላይ ተመሥርቶ ነው። ደካማውን ብቻ መርጦ መምታት የተለመደ ማታለል ነው፤ ነገሩን የሚያውቅ አንባቢም ወዲያው ይነቃበታል።

በሌላው አቅጣጫም እንዲሁ ነው። «ጽሑፉ መዝሙረ ዳዊትን ደጋግሞ ይጠቅሳል፤ ስለዚህ ጸሐፊው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ ኢትዮጵያዊ ነው» የሚል ተማሪ «ዳዊትን እንዲህ መጥቀስ የሚችለው ኢትዮጵያዊ ብቻ ነው» የሚል ድልድይ እየተጠቀመ ነው። አንድ ግዕዝ የተማረ የውጭ አገር መነኩሴ ዳዊትን አያውቅም ማለት ይከብዳል። ይህን ራሱ አንሥቶ የመለሰ ድርሰት ካላነሣው ይልቅ ይታመናል። ታዋቂው የግዕዝ ሊቅ ጌታቸው ኃይሌ መጀመሪያ የሐተታውን ኢትዮጵያዊነት ከሚጠራጠሩት ወገን ነበሩ፤ በኋላ ሐሳባቸውን ለውጠው ይህንኑ ጽፈዋል። በአካዳሚያዊ ጽሑፍ ይህ እንደ ሽንፈት አይቆጠርም።

የእርግጠኝነት ልክም የክርክሩ አካል ነው። «ያመለክታል»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «ያረጋግጣል» የሚሉት ግሦች ክብደታቸው የተለያየ ነው። ሦስት ሰዎችን አነጋግሮ «ጥናቱ አረጋግጧል» የሚል ተማሪ ስለ ርዕሱ የሚያውቀውን ሳይሆን ስለ ማስረጃ የማያውቀውን ይገልጣል።

አወቃቀር

በአማርኛ ትምህርት የድርሰት ክፍሎች መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ይባላሉ። መግቢያው ጥያቄውን ያስተዋውቃል፤ መከራከሪያ ሐሳቡንም ያስቀምጣል። «ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ» ብሎ መጀመር በጣም የተለመደ ነው፤ የሚጠቅምበት ቦታ ግን እምብዛም አይገኝም። ሐተታው አንቀጽ በአንቀጽ ይሄዳል። እያንዳንዱ አንቀጽ ኃይለ ቃል አለው፤ ማለትም አንቀጹ ምን እንደሚል የሚናገር ዓረፍተ ነገር። የሁሉም አንቀጾች ኃይለ ቃል ብቻውን ተለቅሞ ሲነበብ የድርሰቱ ክርክር በአጭሩ መታየት አለበት፤ ካልታየ ወይ አንቀጽ ጎድሏል ወይ ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል። መደምደሚያው የተባለውን ደግሞ ከማለት ይልቅ ከተባለው ነገር ምን እንደሚከተል ቢናገር ይሻላል።

አንድ መግቢያ፣ ሦስት የሐተታ አንቀጽና አንድ መደምደሚያ ያለው ባለ አምስት አንቀጽ ድርሰት በብዙ አገር ይሰጣል። ለጀማሪ መደገፊያ ምርኩዝ ነው። ችግሩ ሐሳብ ሁሉ ሦስት ምክንያት ያለው ማስመሰሉ ነው፤ ሁለት ምክንያት ያለው ተማሪ ሦስተኛውን ይፈጥራል፤ አምስት ያለው ሁለቱን ይጥላል። በተፈጥሮ ሳይንስና በምህንድስና ደግሞ ጽሑፉ በአብዛኛው መግቢያ፣ ዘዴ፣ ውጤትና ውይይት ተብሎ ይከፈላል።

በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ተማሪ ከዚህ በተጨማሪ ሌላ ፈተና አለበት። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ዋናውን ግሥ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ «መጥቶ፣ አይቶ፣ ተረድቶ» እያለም ረጅም ሰንሰለት ያለ ችግር ይሸከማል። ያው ሰንሰለት በቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር አንባቢው ዋናውን ነገር ያጣዋል። አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ሮበርት ካፕላን እ.ኤ.አ. በ1966 የአንቀጽ አካሄድ ከባህል ባህል እንደሚለያይ ጽፈው የሴማዊ ቋንቋዎችን አካሄድ ትይዩ መስመሮችን በሚያገናኝ ሥዕል አሳይተው ነበር። አማርኛ ሴማዊ ቋንቋ ቢሆንም ሥዕሉን እንደ ፍርድ መቀበል አይገባም፤ የካፕላን መነሻ በዋናነት ዐረብኛ ነበር፣ ሐሳባቸውም ብዙ ቋንቋዎችን በአንድ መስመር ያጠቃለለ ነው ተብሎ በሰፊው ተተችቷል። ተማሪውን የሚጠቅመው ምክር ከዚያ ይቀላል፤ ረጅሙን ዓረፍተ ነገር መቁረጥ፣ መደምደሚያውንም ወደ አንቀጹ መጀመሪያ ማምጣት።

ረቂቅና እርማት

የመጀመሪያ ረቂቅ ለአንባቢ የሚጻፍ አይደለም። ብዙ ጸሐፊ ምን እንደሚያስብ የሚያውቀው ጽፎ ሲጨርስ ነው፤ ስለዚህ እውነተኛው መከራከሪያ ሐሳብ በረቂቁ የመጨረሻ አንቀጽ ላይ ተደብቆ መገኘቱ የተለመደ ነው። ያን ጊዜ ማድረግ የሚገባው ዓረፍተ ነገሩን ወደ መግቢያው አምጥቶ ሌላውን ከእሱ ጋር ማስማማት ነው። የፊደል ግድፈትን ማረም ከዚህ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው። ማስረከቢያው ሊደርስ አንድ ሌሊት ሲቀረው የሚጀምር ተማሪ የሚያስረክበው የመጀመሪያ ረቂቁን ነው።

ምንጭ አጠቃቀስ

ምንጭ የሚጠቀሰው አንባቢው ሄዶ ማየት እንዲችልና የሌላው ሰው ሥራ ከጸሐፊው ሥራ እንዲለይ ነው። አጠቃቀሱ እንደ ትምህርት ዘርፉ ይለያያል። ኤፒኤ የተባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1929 በሥነ ልቦና መጽሔት ላይ በወጡ ጥቂት ገጾች ተጀምሮ አሁን በማኅበራዊ ሳይንስ በሰፊው ይሠራበታል። ኤምኤልኤ በቋንቋና በሥነ ጽሑፍ፣ ከ1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታተመው የቺካጎ መመሪያ ደግሞ በታሪክ ጥናት ይዘወተራሉ።

እነዚህ ሥርዓቶች ሁሉ የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ሰው ነው። ኢትዮጵያዊ ግን በተለምዶ የቤተሰብ ስም የለውም፤ ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣው የአባቱ ስም ነው። የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴን «ዘውዴ፣ ባሕሩ» ብሎ መጥቀስ የአባትየውን ስም የመጽሐፉ ጸሐፊ ማድረግ ነው። በኢትዮጵያ ጥናት የተለመደው ስሙን ሳይገለብጡ «ባሕሩ ዘውዴ» ብሎ በ«ባ» ሥር መደርደር ነው። ምንጭ የሚያደራጁ ሶፍትዌሮች ይህን በራሳቸው አያውቁም። ዞቴሮ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ለምሳሌ የስም ቦታው ለሁለት የተከፈለ ሲሆን፣ ወደ አንድ ሳጥን ቀይሮ ሙሉ ስሙን ካላስገቡት ይገለብጠዋል። አንዳንድ የውጭ መጽሔቶች መገልበጥን ግድ ይላሉ፤ ያኔ ቢያንስ በጽሑፉ ሁሉ አንድ ዓይነት አጠቃቀስ መከተል ያስፈልጋል። አንዱ ሰው ሁለት ቦታ በሁለት ስም ሲጠቀስ አንባቢው ሁለት ሰዎች ይመስሉታል።

ዓመተ ምሕረትም እንዲሁ ያሳስታል። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጎርጎርዮሳዊው በ7 ወይም በ8 ዓመት ስለሚያንስ፣ በ1999 ዓ.ም. የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ ያለ ማብራሪያ «1999» ተብሎ በእንግሊዝኛ ድርሰት ውስጥ ቢገባ ያልታተመበት ዓመት ተሰጠው ማለት ነው። የታተመበት ወር ካልታወቀ «1999 ዓ.ም.» ብሎ ትቶ ከጎኑ «2006/07 እ.ኤ.አ.» ብሎ መጨመር ከመገመት ይሻላል።

የጽሑፍ ስርቆት

የሌላውን ሐሳብ ወይም ቃል ምንጩን ሳይጠቅሱ እንደ ራስ አድርጎ ማቅረብ የጽሑፍ ስርቆት ይባላል። ቃላቱን በተመሳሳይ ቃላት እየተኩ የዓረፍተ ነገሩን አጥንት እንዳለ ማስቀረትም ስርቆት ነው። በራስ አገላለጽ መጻፍ ማለት ምንጩን አንብቦ፣ ከድኖ፣ የተረዱትን በራስ ቃል አስፍሮ፣ ከዚያ ከምንጩ ጋር አመሳክሮ ባለቤቱን መጥቀስ ነው።

ዩኒቨርሲቲዎች ስርቆትን ለመለየት እንደ ተርኒቲን ያሉ ፕሮግራሞችን ይጠቀማሉ። ፕሮግራሙ የቀረበለትን ጽሑፍ በማከማቻው ካሉ ጽሑፎችና ከድረ ገጾች ጋር እያመሳከረ የሚገጣጠሙ የቃላት ተርታዎችን ይፈልግና የመመሳሰል መቶኛ ይሰጣል። መቶኛው የስርቆት መጠን አይደለም። በትእምርተ ጥቅስ የገባ ሕጋዊ ጥቅስና የዋቢ ጽሑፎች ዝርዝር ቁጥሩን ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ከአማርኛ መጽሐፍ በስውር ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመ ሙሉ ምዕራፍ ደግሞ ዜሮ ሊያሳይ ይችላል፤ የሚመሳከረው ቃል ነውና። ቁጥሩን ብቻ አይቶ የሚፈርድ መምህርም፣ ቁጥሩን ለማሳነስ ብቻ ቃል የሚቀያይር ተማሪም ሁለቱም መሣሪያውን አልተረዱትም።

ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። እንዲህ ያሉ የቋንቋ ሞዴሎች የሚሠሩት ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል በመተንበይ ስለሆነ እውነተኛ የሚመስል፣ ጸሐፊ፣ ዓመትና ገጽ ያለው፣ ግን በዓለም ላይ የሌለ ዋቢ ሊፈጥሩ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 በኒው ዮርክ አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት በዚህ መንገድ የተገኙ የሌሉ ፍርዶችን ጠቅሰው ያቀረቡ ጠበቆችን 5,000 ዶላር ቀጥቷል። በአማርኛ ምንጮች ላይ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት፤ ሞዴሎቹ የተማሩበት የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ነውና። በድርሰቱ የሚጠቀስ ማንኛውም መጽሐፍ ጸሐፊው ራሱ ገልጦ ያየው መሆን እንዳለበት የሚያዘው የቆየ ደንብ ለዚህም ይሠራል።

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች

በኢትዮጵያ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ሲሆን አማርኛ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በምርጫ ጥያቄ የሚሰጥ በመሆኑ አንድ ተማሪ ድርሰቱ በአገር አቀፍ ደረጃ ሳይመዘን ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ይችላል። በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ ያለበት መምህርም ሁሉንም ድርሰት አንብቦ አስተያየት ለመስጠት ጊዜ አያገኝም። በመሆኑም ብዙዎች አካዳሚያዊ ድርሰትን በቁም ነገር የሚገናኙት በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት በሚሰጡት የእንግሊዝኛ ኮርሶች ነው፤ አንዳንዶችም እስከ መመረቂያ ጽሑፋቸው ድረስ ይዘገያሉ። መመረቂያ ጽሑፍ ለገንዘብ ጽፈው የሚሸጡ ሰዎች ገበያ የሚያገኙትም ከዚህ ክፍተት ነው። በዩኒቨርሲቲዎች የአማርኛ ትምህርት ክፍሎች የሚማሩ ተማሪዎች ግን የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአማርኛ ያዘጋጃሉ፤ በአማርኛ የአካዳሚያዊ አጻጻፍ ቃላትና ልማድ በዋናነት የሚዳብረውም በእነዚህ ጽሑፎች ነው።